የማይታወቅ ቋንቋ

ነሐሴ 2008 ዓ.ም. ዝናቡ ሳያባራ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥራ፣ በአደጋ ጊዜ ሰው ፌስቡክ ላይ የሚጽፈውን የሚሰበስብ ሶፍትዌር ትከታተላለች። ሶፍትዌሩ ጉዳት የደረሰበትን ቦታ ካርታ ላይ በቀይ ነጥብ ያሳያል፤ የእህሉና የሸራው መኪናም የሚሄደው ነጥቡ ወዳለበት ነው።

ከሉማሜ እስከ ጉንደ ወይን አንድም ነጥብ አልነበረም።

«ተመስገን!» አሉ አለቃዋ አቶ ይታያል። «ጉዳት የለም ብለሽ ሪፖርቱን ፈርሚ።»

ሥራነሽ ግን አላመነችም። የሶፍትዌሩን ውስጥ ስትበረብር፣ በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ «የማይታወቅ ቋንቋ» ተብሎ ተጥሏል። አሥራ አንድ ሺህ መልእክት! ሄዳ ለአቶ ይታያል ነገረቻቸው።

«የውጭ ባለሙያ የሠራውን እንዳትነካኪ!» አሏት።

«አልነካውም፤ የራሴን እሠራለሁ።»

ሁለት ቀን ከወንበሯ አልተነሣችም። የቡሄውን ምኞትና የኳሱን ወሬ ከጭንቁ መለየት አለባት። አንዱ «ሕይወት»፣ ሌላው «ህይወት» ብሎ ይጽፋል፤ ለማሽኑ ሁለት ቃል ነው። የመሪጌታ ልጅ ናትና ሞክሼ ፊደላቱን አንድ በአንድ አስተማረችው። በመጨረሻ ሠላሳ ሰባት መልእክት ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ባለች እንዶድ በር በምትባል ቀበሌ ላይ ተከመረ። «ተራራው ተናደብን» ይላል አንዱ፤ ስልክ ቁጥርም አለው።

ስብሰባ ላይ ካርታውን ዘረጋችው።

«የፌስቡክ ወሬ ነው» አሉ አቶ ይታያል።

እዚያው ደወለችና ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው። ያነሣው መልእክቱን የጻፈው ዲያቆን አምደሚካኤል ነበር።

«እኛ ዘንድ ኔትወርክ ስለሌለ ሉማሜ ከተማ ድረስ በእግሬ እየወጣሁ ነው የምጽፈው፤ አሁንም እዚያው ነኝ» አለ። «ሠላሳ ስድስት አባወራ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ዝናብ እየወረደበት ነው። ሳምንት ሙሉ ጻፍን፤ ማን አነበበን?»



«ብትሳሳቺስ?» አሉ አቶ ይታያል።

«ከተሳሳትኩ ያባርሩኝ። ሰው እያለቀ ሰላም ነው ብዬ ግን እጄ ቢቆረጥ አልፈርምም!»

በማግሥቱ ሁለት መኪና ሸራና እህል ጭኖ ወጣ፤ እሷም ጋቢና ተቀምጣ ሄደች። እንዶድ በር ሲደርሱ አባወራው አርባ አንድ ሆኖ ቆያቸው።

መስከረም ላይ አቶ ይታያል ጠሯት። «በሰው ፊት ስለተጋፋሽኝ ይቅርታ ጠይቂና የሥራ ውልሽ ይታደስ።»

«ምን አጥፍቼ?» ብላ ሥራውን ትታ ወጣች።

ራሷ የሠራችውን ሶፍትዌር ማንም እንዲወስደው በነጻ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ ከተከራየቻት ክፍል ሆና ካርታውን በየማለዳው በገዛ ስሟ ታወጣ ጀመር።