በሊትር አሥራ አራት

እኔ የነገር ሰው አይደለሁም። መኪናዬን የነካብኝን ሰው ግን አልምርም፤ ባለቤቴ ደግሞ ነካችብኝ።

ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነው። ባለቤቴ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደም በጠብታ ስትለካ ትውልና ቤት ስትገባም መለካቷን አትተውም፤ ዘይቱን ትለካለች፣ ስኳሩን ትለካለች፣ የእኔን እንቅልፍ ሳይቀር ትለካለች። መኪናችን ያረጀች ትንሽ የቤት መኪና ናት። ባለፈው ክረምት ፕሮፌሰር የምንለው የሰፈራችን መካኒክ ከተገለበጠ መኪና የወለቀ ተርቦ፣ ማለት የሞተር ጉልበት መጨመሪያ፣ አምጥቶ ገጠመላት። ስድስት ቅዳሜ ፈጀብን። ስድስቱንም ቅዳሜ እሱ ሲፈታና ሲያስር እኔ መኪናዋ ሥር ተኝቼ መብራት ስይዝለት ነው የዋልኩት፤ ስለዚህ ያ ተርቦ ለእኔ ተራ ዕቃ አይደለም።

ችግሩ አፌ ነው። አንድ ቀን እራት ላይ "ተርቦ እኮ ነዳጅ ይቆጥባል" አልኩ። ደግሞም እውነቴን ነው። በማርሚታ በከንቱ የሚወጣው ጭስ ተርቦውን ያሽከረክረዋል፣ እሱ ደግሞ አየር እየጠቀጠቀ ለሞተሩ ያቀብላል። ያው የሚባክነውን ነገር ሥራ ማስያዝ ነው። እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር፤ "በሊትር አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች" ብዬ ጨመርኩበት።

ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ከመመላለስህ ብዛት የማደያው ሠራተኛ 'ልጆቹ እንዴት ናቸው' እያለ መጠየቅ ጀምሯል" አለች። "ስሙ ራሱ ተርቦ ነው፤ ጠግቦ እንዲያድር ትጠብቃለህ?"

"እንለካ" አልኳት። ጤነኛ ሰው የላቦራቶሪ ባለሙያን እንለካ አይልም። ሳህኑ ሳይነሳ ወረቀት አወጣችና ጻፈች፦ መኪናዋ ማደያ ሄዳ እስከ አፏ ትሞላለች፤ እናቷ ቤት ደርሳ ትመለሳለች፣ ደርሶ መልሱ መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያው ማደያ ተመልሳ ትሞላለች፤ በሊትር ከአሥራ አራት ኪሎ ሜትር በታች ከሄደች ተርቦው ይወልቃል። ሁለታችንም ፈረምን፤ ወረቀቱም ፍሪጁ ላይ ተለጠፈ።

ቅዳሜ ወደ አማቴ የምንሄደው ለሙከራው ብቻ አልነበረም። እማማን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ልናመጣቸው ነው። ሐኪሙ ወደ ከተማችን የሚመጣው በወር አንድ ቀን ነው፤ እማማ ይህን ቀን ስምንት ወር ጠብቀውታል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ያልተገኘ ሰው ከዝርዝሩ ይሰረዝና እንደ አዲስ ተመዝግቦ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ዓርብ ከሥራ ስመለስ ልቤ ያለው ክብደት መቀነስ ላይ ነበር።

ትርፍ ጎማውን አወረድኩ። ክሪኩን፣ የመፍቻ ሳጥኑን፣ ምንጣፎቹን አወጣሁ። አሁንም አልበቃኝም፤ የኋላውን ወንበር ፈትቼ፣ ጎረቤቴን አስይዤ ሳሎን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ባለቤቴ የዚያን ቀን አዳሪ ተረኛ ስለነበረች አላየችም። ጠዋት ከሆስፒታሉ በር ላይ ወሰድኳት፣ ማደያ ገባን፣ ቤንዚኑ እስከ አፏ ሲሞላ ቆማ አየች፣ ከዚያ ጋቢና ገብታ እናቷ በር እስክንደርስ ተኛች።

እማማ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ብርድ ልብስ በክንዳቸው፣ ከዘራ በእጃቸው ይዘው ይጠብቁናል። የኋላውን በር ከፍተው በእጃቸው ዳበሱ።

"ልጄ፣ መቀመጫው የት ሄደ?"

"ሳሎን ነው ያለው፣ እማማ።"

ባለቤቴ አየችኝ። አስተያየቷን አልገልጸውም፤ አግብታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። እናቷን ጋቢና አስገባች፣ ብርድ ልብሱን ባዶው ብረት ላይ ዘረጋች፣ እሷም እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን።

አሁን አንድ ምስጢር ልንገራችሁ። ፕሮፌሰር መሪው አጠገብ የተርቦውን ግፊት የምታሳይ አንዲት ትንሽ ጌጅ ገጥሞልኛል። ነዳጅ ረገጥ ሲደረግ መርፌዋ ትነሳለች፣ ተርቦው ሥራ ይጀምራል፣ ቤንዚኑም ይንቆረቆራል። ቀስ ካልክ መርፌዋ ተኝታ ትቀራለች፣ ቤንዚኑም አይነካም። ስለዚህ የእኔ ተርቦ ነዳጅ የሚቆጥበው ሥራ ሲፈታ ነው። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

በሰዓት ሃምሳ ያዝኩ፤ ዳገት ሲመጣ አርባ። ንፋስ እንዳይዘን መስኮቱን ዘጋሁ፤ በሙቀት ተቀቀልን። አሸዋ የጫነ መኪና አለፈን። ሁለት ፍራሽ ያዘለ ሞተር ሳይክል አለፈን። ዳገቱ ላይ ዳቦ የሚያመላልስ ባለ ብስክሌት እኩል እኩል መጣና ጎንበስ ብሎ "ችግር አለ?" አለኝ። ችግር እንደሌለ ነገርኩት፤ እሱም አለፈን።

ከኋላ ድምፅ የለም። ዝምታው ገብቶኛል። "ፍጠን" ካለችኝ ሙከራውን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ ልላት ነው። እኔ በራሴ ከፈጠንኩ ደግሞ ተሸነፍኩ። ሁለት ግትሮች አንዲት አሮጊት ይዘን በሰዓት አርባ እንጎተታለን።

ግማሽ መንገድ ላይ እማማ እጃቸውን ክንዴ ላይ ጣል አደረጉ።

"ተባረክ፣ ልጄ። እንዳልንገላታ ብለህ ነው አይደል ቀስ የምትለው? ያለፈው አማቼ ቢሆን አንስቶ ይደፋኝ ነበር።" ያለፈው አማቻቸው የሚሉት የታናሽ ልጃቸውን የቀድሞ ባል ነው፤ በሕይወታቸው የሚጠሉት ሰው እሱን ብቻ ነው። "ቀጠሮው እንኳ ቢያልፍ፣ እንዲህ የሚሳሳልኝ ልጅ እያለኝ አይከፋኝም።"

ሰዓቱን አየሁ፤ ሦስት ከሃያ አምስት። አርባ ኪሎ ሜትር ይቀረናል። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። እሳቸው የሳሳሁላቸው መስሏቸዋል፤ እኔ የሳሳሁት ለቤንዚን ነው። ያችን መርፌ አየኋት፤ እንደ ሰነፍ ተማሪ ጥግ ይዛ ተኝታለች። ስድስቱን ቅዳሜ አስታወስኩ፣ ማርሽ ቀነስኩና ረገጥኩት።

መርፌዋ ተነሳች። ተርቦው ፉጨቱን ለቀቀው። ባለቤቴ ብርድ ልብሱ ላይ ተንሸራታ የኋላው በር ጋ ስትደርስ ሰማኋት።

"ምንድን ነው የሚያፏጨው?" አሉ እማማ።

"ተርቦው ነው፣ እማማ።"

"ታዲያ እስካሁን የት ሄዶ ነበር?"

ባለ ብስክሌቱን አለፍነው። ፍራሾቹን አለፍናቸው። አሸዋ የጫነው ቁና ቁና እየተነፈሰ ዳገት ሲወጣ አለፍነው፤ እማማ ማየት ባይችሉም ምን ምን እንዳለፍን በየተራው እንድነግራቸው አዘዙኝ። ክሊኒኩ በር ላይ ስቆም ለአራት ሰዓት አራት ደቂቃ ይቀረው ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ከሰዓት እማማን ይዘን ማደያ ገባን። ባለቤቴ እየቆመች እየተቀመጠች ቁጥሩን ጠበቀች፤ አሥራ አራት ሊትር ተኩል። ስልኳን አላወጣችም፣ በቃሏ አካፈለችው፦ "በሊትር አሥራ አንድ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ስትረግጠው እንደምትሸነፍ እያወቅህ ነው አይደል?" አለችኝ።

"እያወቅሁ ነው።"

ውል ግን ውል ነው። ቤት ስንደርስ እማማ ፋሻቸውን እንዳሰሩ ሳሎን የመኪናው ወንበር ላይ ጋደም አሉ፤ እንዲህ የሚመች ሶፋ የት ገዛችሁ ብለው ጠየቁ። እኔ ከተራገፈው የመፍቻ ሳጥን ውስጥ አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ስፈልግ ኮሽታውን ሰሙ።

"ምን ልትፈታ ነው?"

"ተርቦውን። በውላችን መሠረት ይወልቃል።"

"ሐኪሙ የሠራልኝ የቀኙን ነው" አሉ እማማ፣ ሳይነሱ። "ግራውን ለሚቀጥለው ወር ቀጥሮኛል። ያውም ሦስት ሰዓት ላይ ድረሽ ብሎኛል።"

ባለቤቴ ወደ ፍሪጁ ሄደች፣ ወረቀቱን ነቀለች፣ ከፊርማችን ሥር አንድ መስመር ጻፈችና መልሳ ለጠፈችው። ሄጄ አነበብኩት፦ "አፈጻጸሙ እስከ ግራ ዓይን ድረስ ታግዷል።"

"ያንን ወንበር ግን ዛሬውኑ ትመልሳለህ" አለች። "ወገቤ ሞቷል።"

እማማ ሲነሱ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ለአማቴ ጤና ከልቤ ነው የምጸልየው። የሰው ልጅ ሁለት ዓይን ብቻ ይዞ መፈጠሩ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ቅር ይለኛል።