በአዱኛ ስም የመጣው ካርድ

አዱኛ ሰላምታ እየሰጠ በጋዜጣ የጠቀለለውን ካርድ ጠረጴዛዋ ላይ ሲያኖር፣ የትናየት ገና በድምፁ ለየችው። እሱ አላወቃትም። በመተማ ዮሐንስ አንዲት ክሊኒክ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሳ ላቦራቶሪ የምትሠራ ሴት ከዓመታት በፊት እርሻው ላይ የሞተ አጫጅ ልጅ ትሆናለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

«አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ናት የላከችው» አለ የጀላቢያውን እጅጌ እየሰበሰበ። «ሃምሳ ያለፈው ሰው የአንጀት ካንሰር ይመርመር አለች። እቤትህ ሆነህ ሦስት ቀን ከሰገራህ ካርዱ ላይ ቀባ ቀባ አድርገህ አስመርምር ብላ በስልክ አደረቀችኝ። በይ፣ ወረቀቱን ስጭኝና ልገላገላት።»

«ይቀመጡ ጋሼ።»

በአፏ አንቱ ትበለው እንጂ በሆዷ አንቱ ብላው አታውቅም። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አባቷ አብደራፊ ከተማ አጠገብ፣ የዚህ ሰውዬ እርሻ ላይ ሰሊጥ ሲያጭድ ደም ያስቀምጠው ጀመር። ጎንደር ሐኪም ቤት ለመድረስ በጭነት መኪናው ልሳፈር ብሎ ሲለምን አዱኛ ከጋቢናው ሆኖ፣ «መኪናዬ ሰሊጥ ነው የሚጭን፤ ሬሳ አይጭንም» አለው። ሰዉ ሳቀ። እሷ ለአጫጆች ከምታበስለው እናቷ ጎን ቆማ ነበር። አባቷ በአራተኛው ቀን የአጫጆቹ ዳስ ውስጥ ሞተ።

ካርዱን ገልብጣ በሦስቱም መስኮት ላይ መድኃኒቱን ጠብ አደረገች። ሦስቱም ሰማያዊ ሆኑ፤ ደም አለ። ደም ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ግን ሰውዬው ጎንደር ሄዶ አንጀቱ በመሣሪያ መታየት አለበት፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል። ይህን ለሌላ ለማንም ትናገራለች። ለአዱኛ ግን «ደም አልተገኘም» ብላ ጻፈች። ውስጥ ውስጡን ይብላው አለች።

«ንጹሕ ነዎት» አለች ወረቀቱን እየሰጠችው።

አዱኛ ከት ብሎ ሳቀ። «ንጹሑስ ዘበኛዬ ነው!»

«ምን አሉ?»

«በዚህ ዕድሜዬ እዳሪዬን በእንጨት ልቆፍር ኖሯል? አንዱአምላክ የሚባል ሳሉግ አለኝ፤ አጨዳው ሲያልቅ አገሩ ሳይገባ እኔው ጋ የቀረ ጎጃሜ። ቀባልኝ አልሁት፣ ቀባልኝ። ልጄ እንደሆን የምትፈልገው ወረቀት ነው። ያው፣ ፒካፑ ላይ ተቀምጧል።»

በመስኮት አየችው። ከጭነቱ ላይ፣ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ጎብጧል።

ወረቀቱን ከአዱኛ እጅ ነጠቀችና ቀደደችው። «ዋሽቼዎት ነበር። ደም አለበት።» ሌላ ቅጽ ስባ ጻፈች። «ካርዱ በስምዎ ነው የመጣ፤ ውጤቱም በስምዎ ይሄዳል። የልጅዎ ስልክ ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ ለእሷ እነግራታለሁ።»

«የእኔ አይደለም እኮ! ጎትታ አዲስ አበባ ልትወስደኝ ነው!»

«እንግዲያ በዘበኛዬ ሰገራ አታለልሁሽ በላት!» አንቱታው ከአፏ ወደቀ። «አለዚያ ሰውዬውን ዛሬውኑ ጎንደር አድርስ። በጋቢና። የሕክምናውንም ወጪ አንተ ትችላለህ። መኪናዬ ሬሳ አይጭንም ብለህ አብደራፊ የተውኸው ጎጃሜ አጫጅ ልጅ ነኝ።»

አዱኛ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ።

«የቱ ጎጃሜ?» አላት። ከልቡ ነበር።

የትናየት በአንዱአምላክ ስም ሌላ ወረቀት ጻፈች። ወጥታ ለአንዱአምላክ የተገኘበትን ሁሉ ነገረችው፤ በስሙ የጻፈችለትንም ወረቀት አስያዘችው። ከኋላ ተመልሶ ሊወጣ ሲል ክንዱን ይዛ የጋቢናውን በር ከፈተችለት። በአዱኛ ስም የጻፈችውን ወረቀት አጥፋ ጋዋኗ ኪስ ከተተች።

«ሐኪም ፊት ሲቀርብ አንዱአምላክ ራሱ ይደውልልኝ» አለችው አዱኛን፣ ሞተሩን ሲያስነሳ። «ያን ጊዜ ያንተን ወረቀት እቀድደዋለሁ።»