ማንበብ ያልቻልሽውን አትንኪ

“እማዬ፣ ስትጫኚው ምን ይል ነበር?”

ሴት ልጇ እንዲህ ብላ ስትጠይቃት እናት አፏ ተሳሰረ። መልሱ ጠፍቷት አይደለም። የልጇ ፊት አመድ መስሎ ስታየው ምላሷ አልታዘዝ አላት እንጂ።

እናት ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከሁለት ልጆቿ ጋር ነው። ሁለቱም የቤት ፕላን መንደፍ ተምረዋል። ታላቅየዋ ሥራ ማሳደር አታውቅም። ወንድሟ ግን ለሁሉም ነገር “ነገ” ስለሚል “አቶ ነገ” ትለዋለች። በሌላ ከተማ ያለ አንድ የንድፍ ቢሮ ሊቀጥራቸው ፈልጎ፣ ሥራችሁን ይዛችሁ ሰኞ ቅረቡ ብሏቸዋል። የእሷ ንድፍ ሁሉ ያለው ሳሎኑ ጥግ በተቀመጠው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ፍላሿን ለወንድሟ አውሳ፣ የራሱን ንድፍ ሲገለብጥበት የእሷንም አብሮ እንዲገለብጥላት ነግራዋለች። ምን እንዳላት መናገር አያስፈልግም።

እናት በዚያ ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል ለይታለች። የሳሙና ካርቶን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ዓይኗ ያረፈበትን ሁሉ ታነባለች። አቶ ነገ “እማዬ፣ የዘይቱን ጀሪካን አንብበሽ ስትጨርሺ እንበላለን” እያለ ይቀልድባታል። ኮምፒውተሩን የምትወለውለው እሷ ስለሆነች፣ ልጇ አንድ ሕግ አውጥታላት ነበር፦ “ማንበብ ያልቻልሽውን አትንኪ።”

አርብ ጠዋት ልጆቹ እንደወጡ ጠረጴዛውን ስትወለውል ማውሱ ተነካና ስክሪኑ ቦግ አለ። አቶ ነገ ኳስ ሲያይበት ከፍቶ የተወው ገጽ ላይ ቀይ ሳጥን ተደቅኗል። እጇን ሰበሰበች። ኋላ ግን ፊደሎቹን አወቀቻቸው። በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች።

“ኮም… ፒው… ተርዎ በቫይረስ ተይዟል። ፋይሎችዎ ሳይጠፉ ለማጽዳት እዚህ ይጫኑ።”

ደገመችው። አንድም ፊደል አላመለጣትም። ደግሞም አንቱ ብሎ ነው የሚያናግራት፤ በጽሑፍ አንቱ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ልጇ ዘንድ ደወለች፤ ስልኩ አይነሳም። የልጄ ድካም ዓይኔ እያየ ሊጠፋ ነው ብላ ተንሰፈሰፈች። ማንበብ የቻለችውን እንዳትነካ ደግሞ ማንም አልከለከላትም። ተጫነችው።

እኩለ ቀን ላይ ልጆቹ ተመልሰው የጠሩት የሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ መጥቶ ነካካና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

“እናቴ፣ ያ የተጫኑት ጽሑፍ ራሱ ነው ሌባው። ‘ሌባ መጣ፣ ልጠብቅዎት፣ በሩን ይክፈቱልኝ’ እንዳለዎት ይቁጠሩት። ፋይሎቹን ቆልፏቸዋል። ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነው።”

“አንተ መስበር አትችልም ወይ፣ የኔ ልጅ?”

“ይኼንን አልችልም። ጸረ ቫይረሱ ቢሠራ ኖሮ ገና ከደጅ ይመልሰው ነበር። ግን ተዘግቷል። ማነው የዘጋው?”

አቶ ነገ ጫማውን አየ። “ኳሱ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረኝ ነው… መልሼ ልከፍተው ነበር እኮ!”

“መቼ?” አለች እህቱ።

እሱ ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የራሱ ንድፍ ብቻ ነው ያለበት።

እህቱ ወደ ቢሮው ደውላ ብትለምን፣ ንድፍ ሳናይ አንቀጥርም አሏት። ባዶው ስክሪን ፊት ተቀምጣ የመጀመሪያውን ግድግዳ እንደገና መሳል ጀመረች። ወራት የፈጀ ሥራ ነው። እናት ከኋላዋ ቆማ መሀረቧን ትጠመዝዛለች።

“እኔ ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅልሽ?”

“ምን ብለሽ፣ እማዬ?”

“እንግዲያው አንድ ነገር ልያዝልሽ፣ ሆዴ።”

“ምኑን ትይዢልኛለሽ?” ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እናትን ያስለቀሳት እሱ ነው።

ቅዳሜ ሲመሽ ልጂቱ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። የሳለችው ከአንድ ቤት ሳሎን አላለፈም። ያን ጊዜ እናት ዳግም ሳትጠየቅ፣ ክፍል ውስጥ ቆማ እንደምታነበው አድርጋ፣ ያን ጽሑፍ ከ“ኮምፒውተርዎ” እስከ “ይጫኑ” በቃሏ ተወጣችው።

ልጂቱ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

“አንድም አልሳትሽ፣ እማዬ” አለቻት።

ሰኞ ጠዋት አቶ ነገ የእህቱን ፍላሽ ኪሱ ከቶ ሄደ። እህቱ ቀረች።