«መዳም ስትተኛ» ላይ የፈረደው ዳኛ

ሰው የጻፈውን አንድ መስመር አይታችሁ፣ ጸሐፊውን በመልክም በስምም ሳታውቁት፣ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው!» ብላችሁ አታውቁም? አናውቅም እንዳትሉ። ተክለወልድም እንደ እናንተው ይል ነበር። እሱ የሚለየው፣ ነገሩን ብሎ ስላልተወው ነው፤ የዘወትር ሥራው አደረገው።

ጠዋት ጠዋት ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ባለ የትራንዚት ቢሮ ሰነድ ይተረጉማል። ከሰዓት በኋላ ከተማው ሙቀት አሸንፎት ሲተኛ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር በተከራያት ክፍል ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ስልኩ ላይ ይፈርዳል። ነገሩ ጨዋታ ነው፤ በእግር እየዞሩ የሚጫወቱት። ስልኩ ካርታ ያሳያል፤ ካርታው ላይ ምልክት ያለበት ቦታ የደረሰ ነጥብ ያገኛል። ቦታዎቹን የሚያዋጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። ፎቶ ያነሳሉ፣ አርእስት ይሰጣሉ፣ ሁለት መስመር ማብራሪያ ጽፈው ይልካሉ። ዳኞች ካላጸደቁት ቦታው ካርታው ላይ አይወጣም። በጅቡቲ ከተማ ካሉት ዳኞች አማርኛ የሚያነቡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ተክለወልድና ጓደኛው ከይረዲን።

መጥፎ አርእስት ያናድደዋል። «ዛፍ» ብሎ የሚልክ አለ። «ቆንጆ ቦታ» የሚል አለ። መስጊድ በሞላበት ከተማ «መስጊድ» ብሎ የሚያልፍ አለ። አንዱማ የባልባላን ሰፈር የውሃ ታንከር አንስቶ «እዩት» ብሎ ላከ። ተክለወልድ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ እናቱ የተሰደበችበት ያህል ይንጨረጨራል። ውድቅ ማድረግ አልበቃው ሲል «ዳኛው» የሚባል የቴሌግራም ቻናል ከፈተ፤ የራሱን ስም ግን አልጻፈበትም። ሐሙስ ሐሙስ የሳምንቱን መጥፎ አርእስት ከነፎቶው አውጥቶ ይቀጠቅጠዋል። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰው ይከተለዋል። የጨዋታው ደንብ ዳኛ ያየውን ለሌላ ሰው እንዳያሳይ ይከለክላል። ይህን ደንብ ለአዳዲስ ዳኞች በአማርኛ ተርጉሞ ያደለው ማን መሰላችሁ? ራሱ ተክለወልድ ነው።

አንድ ሐሙስ ከካርቲየ 5 የተላከ ፎቶ ደረሰው። ነጭ ግንብ፣ ሰማያዊ የብረት በር፣ ከበሩ ጎን የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የሲሚንቶ መቀመጫ። አርእስቱ «መዳም ስትተኛ» ይላል። ማብራሪያው ደግሞ «ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ጥላ አለ። ቀዝቃዛ ውሃ አለ። ዘበኛው ደህና ሰው ነው» ይላል።

ወዲያው ለከይረዲን ደወለ።

«አየኸው?»

«አየሁት። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።»

«አርእስት እኮ የቦታ ስም ነው! ሴትዮዋ ሐውልት ናት? ተኝታ ነው የምትጎበኘው?»

«ኧረ ስታንኮራፋ ነጥብ እጥፍ ነው በል!» ከይረዲን ሳቁን ገታ። «ግን ተክሌ፣ ቻናሉ ላይ ልታወጣው ከሆነ የቤቱ ቁጥር በሩ ላይ ይታያል። ብትሸፍነው አይሻልም?»

«እኔ ነኝ ያነሳሁት? ያነሳው ሰው ያስብበት!»

ጻፈ። መጻፍ ይችላል፤ ክፋቱም ይኸው ነው። «ጅቡቲ አዲስ ቅርስ አገኘች፤ የተኛች መዳም! ጎብኚዎች በእግር ጣታችሁ ግቡ» ብሎ ጀመረና በአንድ ትንፋሽ ሃያ መስመር አወረደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስድስት መቶ ሰው ሳቀበት። ሰው ለሰው አስተላለፈው። አንድ ሥራ ፈት ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ ለጓደኞቹ በተነው።

እሑድ ጠዋት፣ የሥራ ሳምንቱ ሲጀምር፣ ዙለይካ ቢሮው ደጃፍ ላይ ጠበቀችው። ዙለይካ ለወደብ ሠራተኞች ሳምቡሳ የምትሸጥ የድሬዳዋ ሴት ናት፤ እንደ ድሬ ሰው ሁሉ አንቱታ አታውቅም። አምና የመኖሪያ ፈቃዷ ጠፍቷት ሲያንገላቷት፣ ፈቃድ ሰጪውን ቢሮ ያስደነገጠ ማመልከቻ የጻፈላት ተክለወልድ ነበር።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንድትቆጣልኝ እፈልጋለሁ» አለችው።

«በማን ላይ?»

«ቦንቱ የምትባል ልጅ አለች፤ ካርቲየ 5 ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አንድ ባለጌ ቴሌግራም ላይ አውጥቶ ሳቀባትና ተባረረች። አሁን እኔ ጋ ናት። አጥንቱ ድረስ የሚገባ ነገር ጻፍለት።»

ተክለወልድ መልሱን እያወቀው «ማነው ሰውየው?» አለ።

«ስሙን ደብቋል። ዳኛው ነኝ ነው የሚለው። እሱን ብሎ ዳኛ!»

ያኔ መናገር ይችል ነበር። መንገድ ላይ ነበሩ፤ የሚሰማቸው አልነበረም። እሱ ግን «ከሥራ ስወጣ አብረን እንሄዳለን» ብሎ ገባ። ያን ቀን አንዱን የጭነት ሰነድ ሦስት ጊዜ ተርጉሞ ሦስቱንም ጊዜ ተሳሳተ።

ወደ ባልባላ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላቸው ሁለት ጎረምሶች ተቀምጠዋል። ሾፌሩ መኪናውን አላስነሳ ሲል አንዱ «ምን ይጠብቃል? መዳም እስክትተኛ ነው?» አለ፤ ሌላው በሳቅ ፈረሰ። ዙለይካ ዞረችባቸው።

«እናታችሁ ሰው ቤት ሠርታ ያሳደገቻችሁ እንዳትሆን፤ ተጠንቅቃችሁ ሳቁ!»

ተክለወልድ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ቀልዱ የእሱ ነበር፤ ቃል በቃል። በሌላ ቀን ቢሆን ኩራት በኩራት ይሆን ነበር።

የዙለይካ ቤት ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነች አንድ ክፍል ናት። ቦንቱ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሲገቡ ተነሥታ ያለችውን አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ለተክለወልድ ለቀቀችለትና ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይመኑኝ፣ እኔ ለቀልድ አልላክሁትም» አለች። «ወደ ማታ የመዳምን ልጆች አዞራለሁ። የራሳቸው ስልክ ስለሌላቸው በእኔ ስልክ ነው የሚጫወቱት። የሌላውም ቤት ልጆች እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ የሁላችንም የሠራተኞቹ ስልክ ላይ ያ ካርታ አለ። አዲስ የምትመጣ ልጅ ማንንም አታውቅም፤ ከበር ወጥታ የት እንደምትሄድ አታውቅም። ካርታው ላይ ካየችው ትመጣለች ብዬ ነው። በአማርኛ የጻፍሁት መዳሞቹ እንዳያነቡት ነው።»

«ስንት ሆናችሁ ትቀመጡ ነበር?»

«አራትም አምስትም። ፀጉር እንሠራራለን፤ የከፋት ታለቅሳለች፤ ከዚያ እንስቅባታለን። ዘጠኝ ሲሆን ሁሉም ወደ ዕቃ አጠባዋ።»

«አርእስቱ ግን…» አለ ተክለወልድ።

«እሱ እኮ ስሙ ነው! ከእኔ በፊት የነበሩትም እንደዚያ ነው የሚጠሩት። ‹የት እንገናኝ?› ስንባባል ‹መዳም ስትተኛ› ነው የምንባባለው። ሌላ ስም የለውም።»

የቦታ ስም አይደለም ብሎ ነበር የፈረደው። በሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰው ፊት።

«ዓርብ ዕለት መዳም ስልኳን ይዛ መጣች» አለች ቦንቱ። «በፈረንሳይኛ አነበበችልኝ። በሯን አሳየችኝ፤ ቁጥሩንም። ‹ስተኛ ቤቴን ገበያ ታደርጊዋለሽ?› አለችኝ። ዓብዱሰመድን፣ ዘበኛውን፣ እንኳን አልማረችውም። ሽማግሌ ነው። ውሃ ስለሰጠን ነው የተባረረው።»

ዙለይካ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበች። «በል አሁን ተቆጣ!»

«አርእስቱን ምን ልበለው?» ከአፉ አመለጠው። ጆሮው ድረስ ጋለ።

«አርእስት ይቅርበት» አለች ቦንቱ። «ሰውየው አርእስቴን አይወድልኝም።»

ዙለይካ ሳቀች። ቦንቱም እንደ መሳቅ አለችና እያሰበች ታስጽፈው ጀመር።

«አንተ ዳኛው። ካልጣመህ አይሆንም ብለህ ብትመልስልኝ እኔ ብቻዬን አይቼው ዝም እል ነበር። ለምን ሰው ሰበሰብህብኝ?»

ጻፈው። ከዚያ እጁ ቆመ። ጭንቅላቱ ውስጥ ግን ዓረፍተ ነገሮቹ ተሰልፈው ነበር፤ የተሳሉ፣ ዳኛውን አፈር የሚያስበሉ። ጽፎ ቢሰጣቸው ይመርቁታል፤ ማንም አያውቅም፤ ከዳኛው ጋር የተጣላ ጀግና ሆኖ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። አንደኛዋን ዓረፍተ ነገር እንዲያውም አደነቃት። ልጅቷ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ እሱ የአጻጻፉን ማማር ሲያጣጥም ራሱን ያዘው። ከዚህ በፊት አፍሮ የሚያውቅ መስሎት ነበር፤ አያውቅም ኖሯል።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ዳኛው እኔ ነኝ።»

«አትቀልድ ጋሼ» አለች ዙለይካ።

ስልኩን ከፍቶ ቻናሉን አሳያት። ዙለይካ ስልኩን አየች፤ እሱን አየች።

«ሳምቡሳዬን እየበላህ?» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋት ደጃፍህ ላይ ቆሜ ስሰድበው አንተ ነበርህ?»

ወደ ቦንቱ ዞረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። አውቄ አይደለም። መዳምሽ ጋ ሄጄ እለምናታለሁ፤ ዘበኛውንም…»

ቦንቱ አልጮኸችም። ወረቀቱን ከጉልበቱ ላይ አንሥታ የጻፈውን አነበበችና መልሳ ሰጠችው። አንቱታዋን እንኳን አልተወችም፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«እዚህ ሦስት ነን ጋሼ» አለች። «የሳቁብኝ ሦስት አይደሉም። ይቅርታውን ለእኔ በጆሮዬ አይንገሩኝ። ቻናልዎን ይክፈቱ። የራስዎን ስም ይጻፉ፣ የአባትዎንም። ዳኛ ያየውን እንዲያወጣ ደንቡ ይፈቅድ እንደሆነ፣ ለምን እንዳወጡኝና ዓብዱሰመድ ምን እንዳጠፋ፣ የሳቁት ሁሉ ባሉበት ይመልሱ። አሁን፣ እኔ እያየሁ ይመልሱ!»