ከመሪው ላይ የተፈታው ጨርቅ

እናት ቀዩን ጨርቅ ያየችው ልጇ መኪናውን ይዛ ከግቢ ከወጣች በኋላ ነው። ፎጣ ልታወጣ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ስትስበው፣ ከነጮቹ ፎጣዎች ሥር ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት ታጥፎ ተቀምጧል። በገዛ እጇ ያጠበችው፣ በገዛ እጇ ያጣጠፈችው ጨርቅ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ይህን መሳቢያ በቀን አሥር ጊዜ ስትከፍትና ስትዘጋ ዓይኗ አርፎበት አያውቅም። አሁን አረፈበት።

የወጥ ቤት ጨርቅ አልነበረም። የባሏ ነበር። ያነሳችውም ከመኪናው መሪ ላይ ነው።

መኪናውን በቤት ውስጥ "ከበርቴው" ይሉታል። ረጅም፣ ጥቁር፣ ወንበሩ ቆዳ፣ ዳሽቦርዱ በእውነተኛ እንጨት የተለበጠ፤ በጊዜው የትልቅ ሰው መኪና የነበረ፣ እነሱ እጅ የገባው ግን ካረጀ በኋላ ነው። ባሏ የቢሮ ሰው ቢሆንም በወጣትነቱ ጋራዥ ውስጥ ሠርቷልና ከበርቴውን ለማንም አያስነካም ነበር። አንድ ልማድ ነበረው። ቡሎን ፈትቶ እስኪያጠብቀው ድረስ መሪው ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ጨርቁ ካለ ሥራው አላለቀም፤ ማንም አይነዳም፣ እሱ ራሱም ቢሆን።

ያን ቀን የግራውን የፊት እግር ጎሚኒ፣ በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገባውን ላስቲክ፣ ሲቀይር ነው የዋለው። መኪናውን ከክሪክ አውርዶ ወደ ቤት መጣ። ከመኪናው ማደሪያ ወደ ወጥ ቤት የሚያስገባውን በር እንደወትሮው በክርኑ መታው። እጁ ግሪስ ስለሆነ እጀታውን አይነካም፤ ሁለት ፈጠን ያለ፣ አንድ ዘግየት ያለ። ኳ፣ ኳ... ኳ። ከፈተችለት። ውሃ ስጪኝ አለ፤ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወንበር በራሱ እግር አልተነሳም።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ እሷ እንባዋን የምትረሳበት ሥራ ፍለጋ የመኪናውን ማደሪያ ጠረገች፣ ወለወለች፣ ቆሻሻ ነው ብላ ጨርቁን ከመሪው ፈታች። ምን ማለት እንደሆነ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታውቅ ኖራ፣ የዚያን ዕለት ጭንቅላቷ ውስጥ አልነበረም።

"ወይኔ ልጄን!" አለች ለባዶው ወጥ ቤት።

የልጅቷ ጉዞ ነገ ንጋት ላይ ነው። አዲስ ሥራ ያገኘችው ከተራራው ማዶ ነው፤ መንገዱ ሦስት ሰዓት ያስነዳል፣ ግማሹ ቁልቁለት፣ በአንድ ወገን ገደል። አሁን የወጣችው ጎማ ልታስነፋ ነው። እናት ስልክ ደወለች። ስልኩ እዚያው ሶፋው ላይ ጠራ።

ደጅ ወጥታ ቆመች። ሦስት ሳምንት ነው ልጅቷ አዲስ ባትሪ አስገብታ ከበርቴውን መንዳት ከጀመረች፤ ሦስት ሳምንት ነው ከግራው ጎማ በኩል የሆነ ነገር የሚያንኳኳው። ጋራዥ ወስዳው ንዝረት የሚይዙትን ሁለቱንም የፊት ሾኮች ቀየሩላት፤ ድምፁ ንቅንቅ አላለም። "ያረጀ መኪና ያጉረመርማል፣ እንዳንቺ" ብላ ስቃ ነበር ልጅቷ።

እናት ግን ለማንም ያልነገረችው ነገር አለ። ድምፁ ቆሞም ይሰማል። ማታ ማታ መኪናው ገብቶ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሰው ሁሉ ቤት ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከማደሪያው ውስጥ ይመጣል። ኳ፣ ኳ... ኳ። ባሏ በሚገባበት ሰዓት፣ ባሏ በሚያንኳኳው አመታት። ለዚህ ነው ያን በር ማታ ማታ የማትቆልፈው። መጀመሪያ ቁልፉን መንካት አስጠልቷት ነበር፤ አሁን ደግሞ ፈርታ ነው። ብቆልፈው ምን ይለኛል እያለች።

ብትናገር ማን ያምናታል? ልጅቷ ስታስነጥስ የሳንባ ምች የሚታያት፣ ስልክ ሲዘገይ ሬሳ የሚታያት ሴት ናት። "እማዬ፣ አንቺ እኮ ሳል ሰምተሽ መቃብር የምታስቆፍሪ ነሽ" ትላታለች ልጅቷ። እውነቷን ነው። ስንቴ ያለ ምክንያት ጮኻ፣ ጩኸቷ ዋጋ አጥቷል።

ከበርቴውን ሳታየው ሰማችው። ከመንገዱ ጥግ ያለችው ጉድጓድ ላይ፣ ኳ፣ ኳ። ከዚያ ጥቁሩ አፍንጫ ብቅ አለ። ልጅቷ መስኮት ዝቅ አድርጋ፣

"ምን ሆነሽ ደጅ ቆምሽ? ማን ሞተ?" አለች።

"ማንም። ገና ነው።"

"ደግሞ ጀመርሽ!"

"ውረጅ፣ የኔ እናት። ውረጅና ቁልፉን ስጪኝ። ጋሽ ጆሮን ጠርቼዋለሁ።"

ጋሽ ጆሮ የባሏ ባልንጀራ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ባለሙያ እጅ ነው ሥራ የተማሩት። የመኪናን ሕመም ሳይፈታ በጆሮው ያውቃል ስለሚባል ስሙ ተረስቶ ቅጽል ስሙ ቀረ። ከሰዓት በኋላ የብረት ሳጥኑን አንጠልጥሎ መጣ። መጀመሪያ መኪናውን በሰፈሩ አዞረው። ጉድጓድ ገባ፣ ጠመዘዘ፣ ፍሬን ያዘ፤ ዝም። ያ ሁሉ ሲያንኳኳ የከረመ መኪና ሐኪም ፊት እንደቀረበ ልጅ ጭጭ አለ።

"እህቴ፣ ይሄ መኪና ከኔ ይሻላል" አለ ሲወርድ። "እኔ ጉልበቴም ያንኳኳል።"

"አየሽ?" አለች ልጅቷ።

እናት ጨርቁን ከቀሚሷ ኪስ አወጣች።

"ጋሼ፣ ይሄን የፈታሁት እኔ ነኝ" አለች። "ከመሪው ላይ። እሱ ባረፈ በሦስተኛው ቀን። ልጄ አታውቅም፣ እኔም ዛሬ ነው ያስታወስኩት።"

የጋሽ ጆሮ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ጨርቁን ተቀብሎ ገለበጠው፣ አሸተተው፤ የሳሙና ሽታ ብቻ ነበረው።

"መጨረሻ የነካው የቱን ነው?"

"የግራውን ጎሚኒ።"

ጨርቁን መልሶ መሪው ላይ አሰረ፣ መኪናውን በክሪክ አነሳ፣ ሥር ገባ። የመኪናውን የሥር መሸፈኛ ሲፈታ ሰሙት። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው፤ እግሩም አይንቀሳቀስም። እናት ያኔ ከስምንት ወር በፊት በዚሁ ቦታ የነበሩት እግሮች ትዝ አሏትና ፊቷን አዞረች።

"ልጅት፣ ነይ" አለ ከሥር። "ባትሪ አብሪልኝ።"

ልጅቷ ተንበረከከች። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሯ ነጭ ሆነ።

ጎማውን የሚሸከመው የታችኛው ክንድ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ቡሎን ግማሽ መንገድ ወጥቷል። ቡሎኑ ጫፍ ላይ ያለው ማጥበቂያ ዳዶ በሁለት ጥርስ ነው የተንጠለጠለው። ጋሽ ጆሮ በጣቱ ነካ አደረገው፤ ዳዶው ያለ መፍቻ ዞረ።

"ጎሚኒ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በራሱ ክብደት መሬት ላይ ሲቆም ነው" አለ ወጥቶ ሲቀመጥ። "ተንጠልጥሎ ካጠበቅሽው ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀደዳል። እሱ ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ በእጁ ብቻ አስይዞ አወረደው፤ ጨርቁን አስሮ ሊያጠብቅ ነበር። ሾክ የቀየሩት ሰዎች መሸፈኛውን አልከፈቱም፤ ምን ብለው ይክፈቱት? ነገ ቁልቁለቱ ላይ..." አልጨረሰውም።

"ፈሪ ነሽ አትበሉኝ ጋሼ፣ ግን ቢወጣስ?" አለች ልጅቷ።

"ጎማው ወደ ውስጥ ይታጠፋል። መሪ የሚባል ነገር አይኖርሽም።"

እናት አልጮኸችም። ሕይወቷን ሙሉ የፈራችው ነገር አሁን ከፊቷ ተቀምጦ ሲያዩት፣ ጣት የሚያህል ብረት ነው።

ቡሎኑን መልሶ አስገባ፣ አዲስ ዳዶ ከሳጥኑ አወጣ፣ መኪናውን አውርዶ በክብደቱ አቆመው፣ ከዚያ ረጅሙን መፍቻ ይዞ ደም ሥሩ እስኪገተር አጠበቀው። ሌላውንም ጎን አንድ በአንድ አየ። ሲጨርስ ወደ እናት ዞረ።

"አሁን ፍቺው" አለ። "በሥርዓቱ።"

ገብታ ጨርቁን ከመሪው ፈታች።

ሊሄድ ሲል በሩ ድረስ ሸኘችው፤ ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ ማታው ማንኳኳት ነገረችው። አልሳቀባትም።

"ብረት ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል" አለ። "የላላ ክንድ ሲሰበሰብ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይመታል። ሁለት ጊዜ።"

"ሦስት ነው ጋሼ። ሦስተኛው ዘግየት ይላል።"

የታወቀበትን ጆሮውን በቅባት ጣቱ አከከ።

"ለሁለቱ ምክንያት አለኝ" አለ። "ለሦስተኛው ምክንያት የለኝም፣ እህቴ።"

ልጅቷ ሁለት ጊዜ ሰፈሩን ዞራ መጣች። ጉድጓዷ ላይ እንኳ ከበርቴው እንደ ድመት ነው የረገጠው። አስገብታ ሞተሩን አጠፋች። ሻንጣዎቿን አሰናዳች፣ ራት በሉ፣ ውጭ መጨለም ጀመረ። እናት ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አልተነሳችም። ልጅቷም እንደወትሮዋ ወደ ክፍሏ አልሄደችም፤ ስልኳን ይዛ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ግን አትነካካውም። የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነው የሚሰማው። ሰዓቱ ደረሰ።

የመጀመሪያው አልመጣም። ሁለተኛውም አልመጣም። እናት የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች።

ኳ።

አንድ ብቻ፣ ዘግየት ያለ። ከመኪናው በኩል አይደለም የመጣው። ከበሩ ነው፤ ከእጀታው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የሰው ክርን ከሚደርስበት።

ልጅቷ ቀና አለች። ዓይኗ ሰፍቷል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ጨለማ ስትፈራ የነበራት ዓይን ነው።

"እማዬ... ሰማሽ?"

እናት ልጇን አየቻት። ነገ ንጋት ላይ ብቻዋን ተራራ የምትሻገር ልጅ ናት። የሚሰማው ሁሉ መርዶ፣ የሚዘገየው ሁሉ ሞት የሆነበት አፏ ዛሬ ሌላ ቃል ፈለገ።

"ብረት ሲቀዘቅዝ እንዲያ ያደርጋል" አለች። "ጋሽ ጆሮ ነግሮኛል። ሂጂ ተኚ፣ ነገ መንገደኛ ነሽ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አንዴ እንኳ እመኚኝ እንጂ!"

ልጅቷ ሳታስበው ሳቀች፤ ጉንጯን ሳመቻትና ወደ ክፍሏ ገባች። አልጋው ሲንቋቋ፣ መብራቱ ሲጠፋ እናት ጠበቀች። ከዚያ ተነሳች። ቀዩን ጨርቅ በእጇ ይዛ በሩ ጋ ቆመች፣ ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደገፈች። ወዲያኛው ወገን ላይ የግሪስ ሽታ የመሰለ ነገር ነበር፤ ወይም ከጋሽ ጆሮ የቀረ ነው።

"ሰምተናል" አለች በሹክሹክታ። "ቡሎኑ ጠብቋል። ሁለት ጊዜ ዞራ አይታዋለች። አሁን አንተም እረፍ።"

ጨርቁን እጀታው ላይ ልታስር ከጀመረች በኋላ ተወችውና ኪሷ ከተተችው፤ የቀረ ሥራ የለም። ስምንት ወር ያልዞረው ቁልፍ አስቸገራት። በሁለት እጇ ያዘችው፤ ትንሽ ተንገራገጨ፣ ከዚያ ዞረ፣ በሩም ተቆለፈ።