በጋዜጣ የተሸፈነችው የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ

4.

“ነገ ካላነበበች ትምህርቷን ትታ አክስቷ ጋ ትሄዳለች፤ ልጅ ትይዛለች። በቃ!”

ይህን ያሉት የዘምዘም አባት አቶ ይማም ናቸው፤ በወላጆች ቀን ዋዜማ፣ የክፍሌ በር ላይ ቆመው። ከአራት የጀመርኩት ቁጥር ጠፍቶኝ አይደለም። ልቤ የደነገጠው እዚህ ጋ ስለሆነ ነው።

1.

ዘምዘም ሦስተኛ ክፍል ናት፤ እኔ አስተማሪዋ ነኝ። የሦስተኛ ክፍሉን የአዞ ተረት ስታነብ ብትሰሟት ታጨበጭባላችሁ። አንድ ቀን መሃል ላይ መጽሐፉን ዘጋሁባት። ወይ ፍንክች! ማንበቧን ቀጠለች።

ክፍሉ በኅብረት ሲጮኽ በጆሮዋ ሸምድዳዋለች። አንዱን ቃል ለብቻው ብጠቁማት ግን አታውቀውም።

2.

ስለዚህ በእረፍት ሰዓት የአንደኛ ክፍሉን መጽሐፍ ሰጠኋት። እሱን በጣቷ እየተከተለች፣ እያላባት፣ የእውነት ታነባለች።

“ቲቸር፣ ልጆቹ ካዩኝ ይስቁብኛል።”

“አያዩሽም።”

3.

አሸፋፈን፦ አሮጌ ጋዜጣ ፈልጉ። መጽሐፉን መሃሉ ላይ አስቀምጡ። ጠርዙን ወደ ውስጥ እጠፉ። ከላዩ “ሦስተኛ ክፍል” ብላችሁ ጻፉ።

አዎ፣ ውሸት ነው። ምን ይጠበስ?

5.

የወላጆች ቀን። ልጆቹ አንድ በአንድ እየወጡ ያነባሉ። የዘምዘም ተራ ደረሰ። የሸፈንኩላትን መጽሐፍ ሰጠኋት፤ አባቷ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ። ዞር ብላ አየቻቸው።

ገለጠች።

“አንድ አዞ በወንዝ ዳር ይኖር ነበር…”

ወይ ጉዴ! ልጅቷ ደንግጣ የሸመደደችውን ለቀቀችው። ወላጆች ያጨበጭባሉ።

6.

አቶ ይማም (በትከሻዋ ላይ አጎንብሰው)፦ አዞው የታለ?

ዘምዘም፦ (ገጹን ትገልጣለች)

አቶ ይማም፦ እኔ የማየው የድመት ሥዕል ነው።

ዘምዘም፦ (ወደ እኔ ታያለች)

አቶ ይማም፦ ቲቸር፣ ምንድነው ነገሩ?

እኔ፦ …

እኔ! አፌ የማያርፈው ሴትዮ።

7.

ዘምዘም ጣቷን ገጹ ላይ አሳረፈች።

ድ።

መ።

ት።

“ድመት” አለች።

ከኋላ አንድ ልጅ “የአንደኛ ክፍል!” ብሎ ሳቀ። አቶ ይማም አልሳቁም። ወፍራም ጣታቸውን ከጣቷ አጠገብ፣ ቀጣዩ ቃል ላይ አስቀመጡ።

“ይሄስ?”

የሚፈትኗት መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን ሳየው ግን ፈተና አይደለም። እሳቸውም አያውቁትም።

8.

ዘምዘም ጣቷን ወደ አባቷ ጣት አሻገረች።

ወ።