ለዱጉማ የተሰጡ ቅጽሎች

በዚያ በቀይ ሽብር ዓመት ስም ብቻውን አይሄድም ነበር። ሕዝቡ ሰፊው፣ ገበሬው ጭቁኑ፣ ከበርቴው ንዑሱ፣ ሠራዊቱ አይበገሬው ነበር። የጌጃ ሰፈሩ ቅቤ ነጋዴ እንኳ «ስግብግቡ» ተብሎ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቷል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የሰውየውን ስም በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። የክፍላችን ልጅ ዱጉማም ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ በሚወርደው መንገድ ዳር በጥይት ተመትቶ ሲገኝ፣ ደረቱ ላይ በተለጠፈ ወረቀት የራሱ ድርሻ ደርሶት ነበር፦ «አናርኪስቱ»።

እናቱ እማማ የሺሀረግ የትምህርት ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። አስከሬኑን አልሰጧቸውም። የቀበሌ ሰዎች ቤታቸው ድረስ መጥተው ድንኳን እንደማይተከል፣ ነጠላም እንደማይዘቀዘቅ ነገሯቸው። ለአብዮቱ ጠላት አይለቀስም። እማማም በማግሥቱ ነጠላቸውን እንደ ወትሮው አጣፍተው፣ መጥረጊያቸውን ይዘው ሥራ ገቡ። ጎረቤት ገና ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይሻገር ነበር።

እኔና አያንቱ ጠመኔ ልናመጣ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ከእንግሊዝኛ መምህራችን ከጋሽ ሀብተሥላሴ ጋር ቆመው አገኘናቸው። ጋሽ ሀብተሥላሴ የሰው ስሕተት ሳያርሙ ማለፍ የማይሆንላቸው ሰው ናቸው።

«መቅበሩንስ ከለከሉኝ፣ እሺ» ይላሉ እማማ። «አንድ ሰው እንኳ ‹እንዲህ ያለ ልጅ ነበር› የሚልልኝ ይጥፋ? ሙሾ ሳይወርድለት ይቅር ልጄ?»

«ቀስ ይበሉ እማማ፣ ይሰማሉ።»

«ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩማ እኔም ሞቻለሁ።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው ሲወለውሉ ቆዩ። «ከዕረፍት በኋላ የክፍላችንን መስኮት ከውጭ በኩል ይወልውሉልኝ።»

«ትናንት ወልውዬዋለሁ እኮ።»

«ዛሬም ይወልውሉት። ስለሱ እናወራለን። በእንግሊዝኛ ነው እንጂ።»

«እኔ እንግሊዝኛ የት አውቃለሁ፣ መምህር?»

«ልጅዎን ያውቁታል።»

ወደ ክፍል ስንመለስ ጓድ ተሰማ የተለመደ ቦታው፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ንቃታችንን እንዲከታተል የተመደበ ካድሬ ነው። ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛ ሲሆን ያንቀላፋል፤ እኛም ቋንቋው አይገባውም ብለን ደምድመናል።

«የዛሬው አድጀክቲቭና አድቨርብ ነው» አሉ መምህሩ። «አድጀክቲቭ ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግረናል። አድቨርብ ደግሞ የሚያደርገውን እንዴት እንደሚያደርገው። ስለ አንድ ልጅ እናውራ። ስም አትጥሩ፣ ‹ሂ› ይበቃል። በእጃችሁም፣ በእግራችሁም እያሳያችሁ።»

መጀመሪያ አልገባንም። መስኮቱ ላይ እማማ የሺሀረግን ከነጨርቃቸው ስናይ ገባን።

አያንቱ ተነሣች። «ሂ ወዝ ቶል» አለች፤ ረጅም ነበር። እጇን ከራሷ በላይ አንሥታ የት ድረስ እንደሆነ አሳየች። መስኮቱን ይወለውል የነበረው ጨርቅ ቆመ።

የዱጉማ ወንበር ተጋሪ የነበረው መሐሙድ ቀጠለ። «ሂ ወክድ ስሎው።»

«ስሎውሊ» አሉ መምህሩ። «አካሄዱን ነው የምንናገረው። በትክክል እንናገርለት።»

መሐሙድ ግራ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ፣ ጫማውን እየጎተተ፣ በወንበሮቹ መካከል በዝግታ ሄደ። ቁርጥ ዱጉማን። ሌላ ቀን ቢሆን በሣቅ እንፈነዳ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመን? ቸር ነበር። ጮክ ብሎ ይሥቅ ነበር። ዳቦውን ሳይሰስት ይቆርስ ነበር። አንዱ ደግሞ ጽሕፈቱ የዶሮ ጭረት ነበር አለ፤ ሐቁ ይነገር ከተባለ እሱም እውነት ነው። መምህሩ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አርመው ያወጡታል፣ ክፍሉ ባንድ ድምፅ ይቀበላቸዋል። በየትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ የሚጠናው እንዲሁ ነው። ሙሾም የሚወርደው እንዲሁ ነው። ውጭ እማማ ጨርቁን አፋቸው ውስጥ ወትፈው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዙ ነበር።

ጓድ ተሰማ እጁን አወጣ።

«እኔም ብሳተፍ?»

«ይ... ይቻላል፣ ጓድ።»

ተነሥቶ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። «ሂ ራን ፋስት» አለ። «በት ኖት ፋስት ኢናፍ።»

በፍጥነት ሮጠ፤ ግን የሚያመልጥ ያህል አልሮጠም። እንግሊዝኛው ንጹሕ ነበር። ዱጉማ ሲመታ እየሮጠ እንደነበር ከኛ መካከል የሚያውቅ አልነበረም።

«ትክክል ነው፣ መምህር?»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ጠረጴዛውን ያዙ። «ትክክል ነው።»

«ታዲያ ክፍሉ ይድገመዋ።»

አንገታችንን ደፍተን ደገምነው።

ደወል ተደውሎ ስንወጣ እማማ በሩ ላይ ጠበቁን። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ፊታቸው ግን ዕዳ እንደ ከፈለ ሰው ቀለል ብሎታል። የመምህሩን እጅጌ ያዙ።

«ያ ካድሬ ምን አለ? ሁላችሁም አንገታችሁን የደፋችሁበት?»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ወደኛ አዩ። እኛ ጫማችንን አየን።

«ሯጭ ነበር፣ አለ።»

«እውነቱን ነው! ልጅ ሆኖ ወተት ስልከው፣ ሮጦ ሄዶ ሮጦ ሲመጣ ጠብ አይልበትም ነበር» አሉ እማማ። «እኔ ደግሞ ያን ሰው እንዴት በክፉ ዓይን ሳየው ከረምኩ!»

መምህሩ ሊይዟቸው እጃቸውን ሲዘረጉ እማማ ሄደዋል። ጓድ ተሰማ ደረጃው ላይ ሲጋራ እየለኮሰ ነበር። ጎንበስ ብለው ክብሪት የያዘችውን እጁን በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

«ልጄን አነሣህልኝ። እግዜር ያክብርህ። እናትህ አንተን አትጣ።»

ጓድ ተሰማ መጀመሪያ ወደኛ አየ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዝቅ አለ።

«ምንም አይደል፣ እናቴ» አለ፤ እጁንም እሳቸው እስኪለቁት ድረስ ተወላቸው።